ማልቨርን፦ ምንም የሌለበት ውሃ ያሳደጋት ከተማ

ረቡዕ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 – ከበርሚንግሃም ወደ ማልቨርን

ማልቨርን በምዕራብ እንግሊዝ፣ ዌልስ ሳይደረስ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከበርሚንግሃም በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ያስኬዳል። ሕዝቧ ወደ ሠላሳ ሺህ ይጠጋል። "እዚያ ምን ልትሠራ?" ያላለኝ ዘመድ የለም።

ሁለት ጉዳይ ነበረኝ። አንደኛው ጃንሆይ ናቸው። በስደታቸው ዘመን ባዝ ከተማ መኖራቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ማልቨርን ይመላለሱ እንደነበር ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ሁለተኛው የእህቴ ልጅ ናቲ ነው። በርሚንግሃም ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ይማራል። "ጋሼ፣ እዚያ እኮ እስካሁን መኪና በእንጨት ይሠራሉ!" ሲለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። (የጉዞው ቀን በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የታሪክ ዓመቶቹን ግን በፈረንጆቹ ነው የጻፍኳቸው።)

ባቡራችን ዉስተር ላይ ቆመ። ዉስተር የአውራጃው ዋና ከተማ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ማልቨርን ቅርብ ነው። ድምፅ ማጉያው አንድ ነገር አነበነበ። ተሳፋሪው በሙሉ ቃል ሳይተነፍስ ዕቃውን አንሥቶ መውረድ ጀመረ።

"ምንድን ነው?"

"ከዚህ አያልፍም ነው የሚሉት።"

"ለምን?"

"ስለዘገየ።"

ዘገየ ተብሎ ጭራሽ የሚቀር ባቡር አይቼ አላውቅም። ተነጫንጬ ወረድኩ። አውቶቡስ ያዝን። የአንድ ጉዞ ታሪፉ ሦስት ፓውንድ ነው፣ በእኛ ከ500 ብር በላይ። ግን ተክሰናል። አውቶቡሱ የሰቨርንን ወንዝ ተሻግሮ ጠፍጣፋ ሜዳ ውስጥ ይገባል። ላምና በግ፣ የፖም ዛፍ፣ ቀይ ጡብ ቤት። ከዚያ ፊት ለፊት፣ ከሜዳው መሀል፣ አንድ ረጅም ኮረብታ ብድግ ይላል። ከሰሜን ወደ ደቡብ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘረጋል፤ ግራና ቀኙ ግን ጠባብ ነው። ድንጋዩ በእንግሊዝ ካሉት በጣም አሮጌዎቹ አንዱ ነው፣ ከ600 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ። ከተማዋ በምሥራቁ ቁልቁለት ላይ ተለጥፋለች። አንድ ከተማም አይደለችም። ግሬት ማልቨርን፣ ማልቨርን ሊንክ፣ ዌስት ማልቨርን፣ ማልቨርን ዌልስ፣ ሊትል ማልቨርን እየተባለች ኮረብታውን ትዞረዋለች። ታክሲ ስትጠሩ የትኛው ማልቨርን እንደሆነ መናገር አለባችሁ።

ያረፍነው አልጋና ቁርስ የሚያከራዩ አንዲት አሮጊት ቤት ነው። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ከነቁርሱ 85 ፓውንድ። ወደ ብር ቀይሬው ወደ 15 ሺህ ሲመጣብኝ ማባዛቱን ተውኩት። ሴትዮዋ ሻይ ቀድተው ወተት ሊጨምሩ ሲሉ የሰኔ ጾም እንደያዝን ነገርኳቸው። ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለም ስላቸው፣ "አሃ፣ ቪጋን!" ብለው በአንድ ቃል ገላገሉኝ።

የባቡሩንም ነገር ያስረዱን እሳቸው ናቸው። ከማልቨርን አልፎ ወደ ሄርፎርድ የሚሄደው መስመር ነጠላ ሐዲድ ይሆናል። በኮረብታው ሆድ ውስጥ በዋሻ ነው የሚያልፈው። አንዱ ሲገባ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ አንድ ባቡር ከዘገየ ሌሎቹንም ይዞ ይጠፋል። ያን ለማዳን የዘገየውን ዉስተር ላይ ያስቆሙትና ወደመጣበት ይመልሱታል። "ሰዓቱ ይስተካከላል፣ እናንተ ትቀራላችሁ" አሉን እየሳቁ።

እኚህ ሴት በወጣትነታቸው የራዳር ምርምር ተቋሙ ውስጥ ታይፒስት ነበሩ። ምን ይተይቡ እንደነበር ናቲ ጠየቃቸው። "ደብዳቤ" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ የራዳር ሳይንቲስቶች በደቡብ ባሕር ዳርቻ፣ ስዋኔጅ አጠገብ ነበር የሚሠሩት። በየካቲት 1942 የእንግሊዝ ፓራሹተኛ ወታደሮች ፈረንሳይ ዳርቻ ላይ ብሩንቫል ገብተው የጀርመንን ራዳር ፈትተው ይዘው ወጡ። ወዲያው ለራሳቸው ፈሩ፤ እኛ ያደረግነውን እነሱስ ቢያደርጉብን? በግንቦት ወር ተቋሙ ተጠቅልሎ ከባሕር ርቆ ማልቨርን ገባ፣ ማልቨርን ኮሌጅ የሚባለው፣ ያኔ የወንዶች ብቻ የነበረ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ። ልጆቹ ሃሮው ወደሚባለው ትምህርት ቤት ተላኩ። ከጦርነቱ በኋላ ተማሪዎቹ ተመለሱ፣ ሳይንቲስቶቹ ግን ከከተማው አልወጡም። በ1952 ጄፍሪ ዳመር የሚባል የዚህ ተቋም ኢንጂነር፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሁሉ ያለ ማገናኛ ሽቦ በአንድ ጠጣር ነገር ላይ ሊሠራ ይችላል ብሎ ተናገረ። ዛሬ ቺፕ የምንለው ማለት ነው። እሱ ግን ሠርቶ አላሳካውም፣ አሜሪካኖቹ ቀደሙት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ለኤል ሲ ዲ ስክሪን የሚሆነው ፈሳሽ ክሪስታል የተገኘው የማልቨርን ሰዎች ከሃል ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ጋር ሆነው ነው። ናቲ ይህን ሲሰማ የእጅ ሰዓቱን ገልበጥ አድርጎ አየው።

ማታ ትንሽ ወጣ አልን። ሰኔ ስለሆነ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ ብርሃን ነው። ግሬት ማልቨርን ግን ፀሐይዋ ቀድማ ከኮረብታው ጀርባ ትገባባታለች። የምሽቱ ፀሐይ ለዌስት ማልቨርን ሰዎች ነው። አንዳንዱ መንገድ ላይ እስካሁን በጋዝ የሚበራ ፋኖስ አለ። ብርሃኑ ቢጫና ደካማ ነው፤ እግራችሁን አያችሁ አላያችሁ ግድ የለውም። ወደድኩት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5 – መኪናው፣ መቃብሩና ጃንሆይ

ቁርስ ላይ የተጠበሰ እንጉዳይ፣ ቲማቲም፣ በቀይ ስጎ የተሠራ ባቄላና ዳቦ ቀረበልን። ለጾመኛ ምን ይጎድላል? በርበሬ። ናቲ ከቦርሳው ሚጥሚጣ አወጣ። ሴትዮዋ በቢላ ጫፍ ቀመሱና ውሃ ሊቀዱ ተነሡ።

ሞርጋን የመኪና ፋብሪካ ማልቨርን ሊንክ ውስጥ ነው። ተራ የመኖሪያ መንገድ ዳር የተደረደሩ የቀይ ጡብ ሼዶች። ጉብኝቱ ቀድሞ በኢንተርኔት ይያዛል። ናቲ ነው የከፈለው፤ ስንት እንደሆነ ሊነግረኝ ፈቃደኛ አይደለም።

ኤች ኤፍ ኤስ ሞርጋን የሚባል ሰው በ1909 የመጀመሪያዋን መኪና ሠራ። ሦስት ጎማ ነበራት። ሁለቱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ልክ ወደ ኋላ የሚነዳ ባጃጅ። ሦስት ጎማ ያደረጋትም ለጌጥ አይደለም። በጊዜው ቀላል ባለሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ግብር የሚከፍለው እንደ ሞተር ሳይክል ነበር። ባለአራት ጎማው በኋላ መጣ። ባለሦስት ጎማውም ዛሬ በአዲስ መልክ እንደገና ይሠራል።

የእንጨቱ ነገር ቀልድ አይደለም። የመኪናው ወለል አሉሚኒየም፣ ሞተሩ ከሌላ ኩባንያ የተገዛ ነው። በባለአራት ጎማዎቹ ላይ ግን ወለሉንና የውጪውን ቆርቆሮ የሚያገናኘው አጽም፣ አሽ ከሚባል ዛፍ የሚሠራ እንጨት ነው። አንድ አናጢ ፊት ብዙ ቆምን። የኋላ ጎማ ክፈፍ እየሠራ ነበር። ስስ ስስ ሳንቃዎችን ሙጫ ቀብቶ ይደራርባቸዋል። ከዚያ ቅርጹን በያዘ የእንጨት ማተሚያ ውስጥ አስገብቶ፣ ክላምፑን በየተራ ጠበቅ፣ ጠበቅ ያደርጋል። በየመሀሉ የሚንጠፈጠፈውን ሙጫ በአውራ ጣቱ ይጠርጋል። ነገ ሲፈታ እንደታጠፈ ይቀራል። ቤቱ የእንጨት ፍቅፋቂና የቆዳ ሽታ አለው። ፒያሳ የማውቃቸው አናጢዎች ቢያዩት ሙያው አይገርማቸውም። የሚገርማቸው ዋጋው ነው። ርካሹ መኪና ከ40 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። እሱም ጣራ የለውም።

በ1990 ጆን ሃርቪ-ጆንስ የሚባሉ፣ አይ ሲ አይ የተባለውን ግዙፍ የኬሚካል ኩባንያ በሊቀመንበርነት የመሩ ሰው መጥተው ምክር ሰጥተው ነበር። አሠራራችሁ አርጅቷል፣ ዘምኑ፣ ብዙ አምርቱ አሏቸው። ሞርጋኖች በጄ አላሉም። ወረፋቸው ያኔ ዓመታት የሚያስጠብቅ ነበር፤ ገዢውም የሚፈልገው እሱኑ ነበር። ቤተሰቡ አብዛኛውን ድርሻ ለጣሊያን ባለሀብቶች የሸጠው በ2019 ነው። እኔ የሃርቪ-ጆንስ ምክር መጥፎ ነበር አልልም። ግን እዚያ ሼድ ውስጥ ቆሞ ያንን ምክር መስጠት ድፍረት ይጠይቃል።

ከሊንክ ወደ መሀል ከተማ ስንመለስ ሊንክ ቶፕ ላይ ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጃንሆይ ማልቨርን ሲመጡ የሚያስቀድሱት እዚህ ነበር። በሩ ዝግ ነው። በውጪ ተሳልመን አለፍን። የሚመጡበት ምክንያት የቤተሰብ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ኖርዝ ማልቨርን በሚገኘው ክላረንደን የሴቶች ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። ሲመጡ ያርፉ የነበረው አቤይ ሆቴል ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ከጥንቱ የገዳም በር አጠገብ፣ ግድግዳው በሐረግ የተሸፈነ ትልቅ ሕንፃ። ገብተን ሻይ አዘዝን። የምታስተናግደው ልጅ "ከኢትዮጵያ ናችሁ?" አለች። አዎ ስንላት በእጇ መስኮቱን፣ ኮረብታውን አሳየችን። "ጥሩ እይታ ነበራቸው" አለች። በ1936 ጄኔቫ ላይ ያን ንግግር ያደረጉ ንጉሥ፣ በጀት እየቸገራቸው፣ ሰሚ አጥተው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ እዚህ ሲወርዱ አሰብኩት። በሰኔ 1940 ወደ ካርቱም ሄዱ፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ከተማዋ በ2011 ቆይታቸውን የሚያስታውስ ሰማያዊ ሰሌዳ ሰቅላለች። በምረቃው ቀን ራስታዎች መጥተው ከበሮ መቱ።

ከሆቴሉ ጎን ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በ1085 ገዳም ሆኖ የተመሠረተ ነው። ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ሲዘጋ የሰፈሩ ምእመናን በ20 ፓውንድ ገዙት። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ባለቀለም መስታወቶቹ አሉ፤ ገብታችሁ እዩ። እኔን ያስቆመኝ ግን ግቢው ውስጥ ያለ ትንሽ የመቃብር ድንጋይ ነው። የቻርልስ ዳርዊን ልጅ አኒ እዚህ ናት። በ1851 በአሥር ዓመቷ ሞተች። አባቷ በዚህ ከተማ ውሃ ራሱ ተሽሎት ስለነበር ነው ልጁን ያመጣት። ድንጋዩ ላይ ከስሟና ከቀኑ ሌላ ያለው ቃል "የተወደደች፣ ጥሩ ልጅ" የሚል ብቻ ነው።

እራት የተጠበሰ ዓሣና ድንች፣ ለአንድ ሰው 12 ፓውንድ። እዚህ ላይ ከናቲ ጋር ተከራከርን። እሱ "በሰኔ ጾም ዓሣ ይበላል" ባይ ነው፣ እኔ አልቀበልም። በመጨረሻ እሱ ዓሣውን በላ፣ እኔ የሁለታችንንም ድንች።

ዓርብ፣ ሰኔ 6 – ኮረብታውና ዋሻው

ከመሀል ከተማ 99 ደረጃ የሚባል መውጫ አለ። ከዚያ መንገዱ በዛፍ ውስጥ ሽቅብ ይቀጥላል፣ ቅድስት አን ምንጭ ድረስ። ምንጩ ላይ ትንሽ ቤትና ካፌ ተሠርቶበታል። ውሃው ከተቀረጸ እብነ በረድ አፍ እየፈሰሰ ጎድጓዳ ገንዳ ውስጥ ይወርዳል። ካፌው ሥጋ አይሸጥም። እግዜር ይስጣቸው፣ ሜኑውን ሳልጠይቅ ያዘዝኩበት ብቸኛ ቦታ ነው።

ማልቨርንን ማልቨርን ያደረጋት ይህ ውሃ ነው። በ1756 ጆን ዎል የሚባል የዉስተር ሐኪም ውሃውን መርምሮ መጽሐፍ አሳተመ። ውስጡ ከሞላ ጎደል ምንም አላገኘም። የከተማው ሰው እስካሁን በግጥም ይቀልድበታል፤ ዝናው ምንም ስለሌለበት ነው እያለ። እኛ አምቦ ውሃን የምንወደው በጋዙና በማዕድኑ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ባዶነቱን ሸጡት። ምክንያቱ ድንጋዩ ነው። ዝናቡ የሚገባው በጠንካራው አሮጌ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ ድንጋዩም አይሟሟለትም።

በ1842 ዊልሰንና ጉሊ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች መጡና የውሃ ሕክምና ከፈቱ። ታካሚው ጎህ ሳይቀድ ይቀሰቀሳል። በቀዝቃዛ እርጥብ አንሶላ ይጠቀለላል። ከዚያ ዱላውን ይዞ ኮረብታውን ይወጣል፣ በየምንጩ ይጠጣል። መጠጥ ክልክል፣ የሰባ ምግብ ክልክል። ያልቻለው በአህያ ይወጣል። ጠበልተኛ ያየ ሰው አዲስ ነገር የለውም፤ ቄሱ ብቻ ነው የጎደለው። ዳርዊን በ1849 የመጣው ለዚሁ ነው። ሀብታሙ ሲጎርፍ ሆቴሉ በዛ፣ ሆቴሉ ሲበዛ ባቡር ተጠየቀ።

ከምንጩ እስከ ጫፉ፣ ዉስተርሺር ቢከን፣ መንገዱ ገላጣ ነው። ቁመቱ 425 ሜትር። "እንጦጦ ሥር ያደግን ሰዎች ይቺ ምን አላት" ብዬ ነበር ቁርስ ላይ። ለሳንባ ምንም የላትም። ለጉልበት ግን አላት፣ ቀጥ ያለ ነው። ጫፉ ላይ በ1897 ለንግሥት ቪክቶሪያ 60ኛ የንግሥና ዓመት የተተከለ አቅጣጫ አመልካች አለ። በምሥራቅ የሰቨርን ሜዳ ተንጣልሎ የዉስተር ካቴድራል ይታያል። በምዕራብ የሄርፎርድሺር ጉብታዎች እስከ ዌልስ ተራሮች ይሄዳሉ። አንድ እግር እዚህ፣ አንድ እግር እዚያ ብታደርጉ መልክዓ ምድሩ ሁለት ነው። በጎች በየቦታው ይግጣሉ፣ አጥር የለም። በ1884 በወጣ ሕግ ኮረብታውን እንዳይታጠርና እንዳይገነባበት የሚጠብቅ አካል ተቋቁሟል።

ዝናቡ የመጣው ከዌልስ በኩል ነው። ስናየው መጣ፣ መደበቂያ ግን የለም። የናቲ ጃንጥላ በአንድ ነፋስ ተገልብጦ አጥንቱ ወጣ። ዋይች የሚባለው፣ ኮረብታውን የቆረጠው መተላለፊያ ስንደርስ ጫማዬ ይንቧቧ ነበር። በጥንት ጊዜ ጨው ነጋዴዎች ያቋርጡበት የነበረ በር ነው ይባላል። ዛሬ መኪና ያልፍበታል። እኛ ወደ ምዕራብ ወረድን፣ ወደ ኮልዎል መንደር።

ኮልዎል የመጣነው የታሸገውን ውሃ ታሪክ ለመጨረስ ነው። ሽዌፕስ የማልቨርንን ውሃ በ1851 ለንደን ትልቁ ኤግዚቢሽን ላይ አቀረበው። በኋላ እዚህ መንደር ውስጥ፣ ሐዲዱ አጠገብ፣ ጠርሙስ መሙያ ፋብሪካ ተከፈተ። ንግሥት ኤልሳቤጥ እንኳ ሲጓዙ ይዘውት እንደሚሄዱ ይነገር ነበር። በመጨረሻ የኮካ ኮላ ንብረት ሆነ። ፋብሪካው ያረጀና ትንሽ ነው፣ ከትልልቆቹ ጋር አይወዳደርም ተባለና በ2010 ተዘጋ። ሞርጋን በትንሽነቱ የኖረበት አገር ላይ፣ ውሃው በትንሽነቱ ተዘጋ። ልዩነቱ ግልጽ ይመስለኛል። የሞርጋን ገዢ ይጠብቃል፤ ውሃ የሚገዛ ሰው ግን ከሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ላይ ጎን ያለውን ያነሣል።

ከኮልዎል ወደ ግሬት ማልቨርን አንድ ፌርማታ ነው። ሌላ መንገደኛ ቢሆን ስልኩን ያያል። እኔ መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ። ሁለት ሰዓት በዝናብ የተሻገርነውን ኮረብታ ባቡሩ በደቂቃዎች ከሥሩ አለፈው። ዋሻው ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይጠጋል። የመጀመሪያው በ1861 ተከፈተ፣ ድንጋዩ ቁፋሮ አልበገር ብሎ ብዙ አስቸግሯል። ጠባብና አስቸጋሪ ስለነበር በ1926 በሌላ ተተካ። አሮጌው በጦርነቱ ጊዜ የመሣሪያ መጋዘን ሆኖ አገልግሏል።

ግሬት ማልቨርን ጣቢያ ለብቻው መታየት አለበት። ኤልምስሊ የሚባል አርክቴክት የሠራው ነው፣ በ1860ዎቹ መጀመሪያ። የመጠለያውን ጣራ የተሸከሙት የብረት ዓምዶች ራሳቸው ላይ ቅጠልና አበባ ተቀርጿል፣ በቀለም የተቀባ። በ1986 ተቃጥሎ ታድሷል። ከጣቢያው ወደ ቀድሞው ኢምፔሪያል ሆቴል የሚወስድ የተሸፈነ መተላለፊያም ነበረው፤ "ትሉ" ይሉታል። ሀብታሙ ታካሚ ዝናብ ሳይነካው እንዲገባ ነው። ሆቴሉ አሁን የሴቶች ትምህርት ቤት ነው።

መድረኩ ላይ ያለው ሻይ ቤት ውስጥ ጫማችንን አውልቀን ካልሲያችንን ጨመቅን። ማንም ምንም አላለንም። አንድ ምሽት ልንጨምር አስበን ነበር፣ ግን የሦስቱ አውራጃዎች የግብርና ትርዒት ሰሞን ስለሆነ አልጋ የለም። ከሚመጣው ባቡር ቦት ጫማ ያደረገ ሕዝብ ይወርዳል፣ የሚሄደው ባዶ ነው።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ሂዱ። ሞርጋንን ቀድማችሁ ያዙ። መኪና ከያዛችሁ ኤም 5 በሚባለው አውራ ጎዳና መጥታችሁ ዉስተር ላይ ትወጣላችሁ። ዉስተርሺር ፓርክዌይ የሚባል በ2020 የተከፈተ ጣቢያም አለ፤ ሁለት መስመር የሚገናኝበት ነው። ጃንጥላ አትያዙ፣ ነፋሱ አይምርም። ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ነው የሚያዋጣው።